ያልተጨበጨበለት ቅዳሜ

«እስቲ ትንሽ ቅመስ ተወልደ፣ የሐዘን ቤት ንፍሮ እንቢ አይባልም» አሉት ጋሽ ዑቅባማርያም ሳህኑን ወደ ፍራሹ እያስጠጉ።

ንፍሮ ያሉት ለወጉ ያህል ነው። ስንዴና ሽምብራ ፍለጋ የናይሮቢን ገበያ ሲያስሱ የዋሉት ሴቶች ሲደክማቸው በቆሎና ቦሎቄ ቀቅለው መጥተዋል። «ፖሌ ሳና» ብላ ልታጽናና የገባችው ኬንያዊት ጎረቤት ሳህኑን ስታይ ግራ ገባት። ለእሷ ይህ ጊዜሪ ነው፣ ልጆቿ በየቀኑ የሚበሉት ምሳ። ቢሆንም ከሰው እኩል ዘግና በላች፣ ስትወጣም ጨው እንደሚያንሰው በምልክት ነግራቸው ሄደች።

ተወልደመድህን አልበላም። ሠልስቱ ነው፤ ፀጉሩ ተንጨባርሯል፣ ድምፁም ከእሑድ ጀምሮ ተዘግቷል። ሰው ገብቶ «እግዜር ያጥናህ» ሲለው አንገቱን ይነቀንቃል። ሳውዝ ሲ ያለው የጋሽ ዑቅባማርያም ሳሎን የናይሮቢ ሐበሻ ሰርጉንም ለቅሶውንም የሚያደርግበት ቤት ነው። እዚያው ግድግዳ ላይ ባለፈው ወር የተሰቀለ የሰርግ ወረቀት አበባ ሳይነሳ ቀርቶ ለቀስተኛው ከሥሩ ተደርድሮ ይተክዛል።

የሞተችው እህቱ ጽጌ ናት። አዲስ አበባ ሞታ፣ አዲስ አበባ ተቀብራ፣ ወሬው በሞያሌ ዞሮ እስኪደርስ ሁለት ወር ፈጀ። ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ተወልደ አልቅሶ ይወጣለት ነበር። የሚያንገበግበው ሌላ ነው። ቅዳሜ ማታ ኪሊማኒ ባለው አዳራሽ መድረክ ላይ ቆሞ ትከሻውን ሲሰብቅ ነበር። እህቱ አፈር ውስጥ፣ እሱ እስክስታ። ያውም ለባዶ ወንበር።

መርዶውን እንደሰማ መጀመሪያ ያለቀሰው ለእሷ ነው፤ ቀጥሎ የተናገረው ግን ስለ ራሱ ነበር። «ሁለተኛ ማይክራፎን አልይዝም፣ ሌላ ዘፋኝ ፈልጉ» አለ። የባንዱ አለቃ መኳንንት ከሐዘንተኛ ጋር ክርክር የለም ብሎ ተወው። ድራመኛው ዘገዬ ግን ጥግ ይዞ ሁለት ለቅሶ አንድ ላይ አለቀሰ፤ አንዱ ለጽጌ፣ አንዱ ለባንዱ። ዓመት ሙሉ ደፋ ቀና ብለው ያቆሙት «የንጋት ኮከብ» ያለ ተወልደ አንድ ሳምንት እንደማይቆይ ያውቃል።

ጽጌ እናታቸው ስትሞት ገና ኮረዳ ነበረች፣ ተወልደ ደግሞ ጥርሱን የሚነቅል ልጅ። ቀን በልብስ ስፌት ማኅበር ትሠራለች፣ ማታ የቀበሌው ኪነት ቡድን ዘፋኝ ናት። ድምፁ የእሷ ነው እንጂ የእሱ አይደለም፤ ይህን እሱ ራሱ ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። ከቤት ሲወጡ የነጠላዋ ጫፍ ሁልጊዜ ቋጠሮ አለበት። ወንድሟ ገና ልጅ ሆኖ ከመድረኩ ጎን ቆሞ አብሮ ሲያንጎራጉር ታየዋለች፣ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታ ከረሜላ ታወጣለች፣ «ጉሮሮህ ደርቋል፣ እንካ» ትለዋለች። ጉሮሮው ይድረቅ አይድረቅ አታውቅም። እንደ ዘፋኝ እየቆጠረችው ነው፣ በቃ።

የቀበሌው አዳራሽ ሁልጊዜ ሙሉ ነበር። ቢሞላ አይገርምም፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። ሽማግሌው ያንቀላፋል፣ ሴቱ ጥጥ ይፈትላል፣ የአብዮት ጠባቂው በር ላይ ጠመንጃውን ተደግፎ ይቆማል፣ ጽጌ ትዘፍናለች። አንድ ምሽት መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ድምፅ ማጉያው ሞተ፣ ጨለማው ድቅድቅ አለ። ማን ወጣ ማን ቀረ የሚያይ የለም፤ ለመውጣት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ከየት ይመጣል? ጽጌ ግን ዘፈኑን አላቋረጠችም። ያለ ማይክራፎን፣ ያለ ሙዚቃ፣ በባዶ ጉሮሮዋ ቀጠለች። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ አንድም ሰው አልወጣም ነበር። ጥጥ ትፈትል የነበረችው ሴትዮ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ትታው ነበር።

ተወልደ ከዚያ ምሽት ጀምሮ ዘፋኝ የሚለውን ነገር የሚለካው በዚህ ነው። ቅዳሜም ልቡን የሰበረው ይኸው መለኪያ ነበር። ለእሷ በጨለማ የቀሩላት ሰዎች፣ ለእሱ በብርሃን አልመጡለትም።

ቅዳሜውን እንዴት እንደጠበቁት! በራሪ ወረቀቱን ዘገዬ በእጁ ጽፎ ከኢስሊ ሻይ ቤቶች እስከ ላቪንግተን ዘበኞች ድረስ አድሎታል። መኳንንት ቤዝ ጊታሩን ሦስት ጊዜ ቃኝቷል። ኦርጋኑን የሚጫወተው ካማው የኪኩዩ ልጅ ነው፤ አማርኛ አንድ ቃል አያውቅም፣ አንቺሆዬ ሲነካ ግን ኮተቤ ተወልዶ ያደገ ይመስላል። ወንበሮቹን ራሳቸው ደረደሩ፣ መብራቱን ራሳቸው ሰቀሉ፣ ሰዓቱ ደረሰ፣ ከዚያ ማንም አልመጣም።

ማንም ማለት ግነት ነው። ጋሽ ዑቅባማርያም ከረባት አስረው መጡ። የኢስሊው ነጋዴ ኑሬ መጥቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ኢስሊ ምግብ ቤት ያላት ዘመናይ ከሁለት ሴቶች ጋር ገባች። በቃ፣ ያ ሁሉ ወንበር ለእነሱ ነው። ዘገዬ «ማታቱ ታክሲ አጥተው ነው፣ ይመጣሉ» እያለ በር በሩን ያያል። መኳንንት ግን በሩን አንድ ጊዜም አላየም።

ተወልደ ጀመረ። ከመጀመሪያው ዘፈን በኋላ ካማው ብቻ አጨበጨበ፤ እሱንም መኳንንት በዓይኑ ገላመጠውና እጁን ሰበሰበ። ከሁለተኛውም፣ ከሦስተኛውም በኋላ ፀጥ። አምስቱ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ቁጭ ብለዋል። ሌላ ዘፋኝ ቢሆን አንዱን ዘልሎ አንዱን አሳጥሮ ይወርድ ነበር። ተወልደ ግን እልህ ያዘው፤ መብራት የጠፋበት አዳራሽ ትዝ አለው። ያዘጋጁትን ሁሉ አንድም ሳይቀር ዘፈነ፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ እስኪጣበቅ፣ አዳራሹ ሺህ ሰው የያዘ እስኪመስል። መጨረሻ ላይ ከጽጌ የተማረውን የሙሽራ መሸኛ ሲያነሳ ዘመናይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተነስታ ወጣች። ሰለቻት አለ በልቡ፣ እያዛጋች ነው። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ስንኝ አደረሰው።

ሲጨርስ ጋሽ ዑቅባማርያም ወደ መድረኩ መጥተው ግንባሩን ሳሙት። «ጎበዝ ነህ» አሉት። እሱ ያዘኑለት መሰለው።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ከፍቶ ሲያይ ጋሽ ዑቅባማርያም፣ ኑሬ፣ መኳንንት፣ ከኋላቸው ደግሞ ሞምባሳ የምትኖረው የአክስቱ ልጅ ዓይናለም፣ ከሌሊቱ አውቶቡስ ከነሻንጣዋ የወረደች። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው በር ላይ ቆሞ ሲታይ ሐበሻ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ ያላወቀው ስሙን ብቻ ነው። ተወልደ «ጽጌ ናት?» ብሎ ጠየቀ። ሌላማ ማን አለው።

ሠልስቱ አልፎ ለቀስተኛው ሳሳ ባለ ቀን ዘመናይ ሻይ በፔርሙስ ይዛ መጣች። ዘመናይ ደግ ሴት ናት፤ ምስጢር ሲሰጧት ግን ሆዷ አይችልም። ከጎኑ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ስለ ሞት ስለ ሕይወት ስታወራ ቆይታ፣ ሳይጠይቃት ወደ ቅዳሜ ገባች።

«ሰው ሁሉ ስለቀረብህ ቅር እንዳይልህ» አለችው። «መርዶ ያለበት ሰው ፊት እንዴት ብለን እንጨፍራለን? ነውር አይደለም እንዴ?»

ተወልደ ቀና አለ። ዘመናይ ነገሩ እንዳመለጣት ገባት፤ ግን አንዴ ካመለጠ ወዲያ ሙሉውን ብትነግረው ይሻላል ብላ ነገረችው። ኑሬ ወሬውን ይዞ ከሞያሌ የመጣው ረቡዕ ነው። ሽማግሌዎቹ ጋሽ ዑቅባማርያም ቤት ተሰብስበው መከሩ። መርዶ ዘመድ በሌለበት አይነገርም፣ ያለው ዘመድ ደግሞ ዓይናለም ናት፣ እሷም ከሞምባሳ የምትደርሰው እሑድ ነው። ዝግጅቱ ይሰረዝ ቢባል ልጁ ምክንያቱን ይጠይቃል። ስለዚህ አይሰረዝም፣ ግን የሚጨፍር ሰው አይሄድም። ቃሉ ከኢስሊ እስከ ሳውዝ ሲ በአንድ ቀን ተዳረሰ፣ ለተወልደ ግን አንድም ሰው አላወራም። «እኔ እንኳ!» አለች ዘመናይ፣ በራሷ እየተገረመች። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን እንዳይሆን ደግሞ እንባውን መቻል የሚችል ሰው ተመርጦ ተላከ። እሷም ከተመረጡት አንዷ ነበረች። «በእኔ ላይ ተሳስተዋል። የሙሽራ መሸኛውን ስታነሳ አልቻልኩም፣ ውጪ ወጥቼ ከግንቡ ሥር አለቀስኩ።»

ተወልደ ተነስቶ ወጣ። መኳንንት በረንዳው ላይ ከዘገዬ ጋር ካርታ ይዞ ነበር፤ ሲያየው አስቀመጠው።

«ታውቅ ነበር» አለው ተወልደ። የቀረው ድምፅ ከሹክሹክታ አይበልጥም።

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅህ ነው ስጨፍር ከኋላዬ የምትመታልኝ?»

ዘገዬ እሱ እንዳልተነገረው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መኳንንት ዝም አሰኘው። ለዘገዬ ያልተነገረው ፊቱ ላይ ሁሉ ነገር ስለሚነበብ መሆኑን ማንም ያውቃል።

«ምን ላድርግ?» አለ መኳንንት። «አንዷን ኖታ ብስት ዞር ብለህ ታየኛለህ። ካየኸኝ ደግሞ አለቀ። ሳልስት መምታት ነበረብኝ።» ካርታውን እየሰበሰበ ጨመረ። «ያን ቀን ማታ በዚህ ከተማ አንድም ሐበሻ ቤት ቴፕ አልተከፈተም፣ ተወልደ። ሕፃኑን ሳይቀር ዝም በል ሲሉት ነው ያመሹት። ወንበሩ ባዶ የሆነው ንቀውህ እንዳይመስልህ።»

ተወልደ ንቀት እንዳልሆነ ገባው። ጭራሽ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም፤ ያም ሆኖ አላጽናናውም። ሰው ሁሉ እያወቀ ጨፋሪው እሱ ብቻ ነበር። «ለእናንተ ይሁን፣ እሷስ ምን ትለኛለች?» አለና ተመልሶ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ።

ለዚህ መልስ ያለው ኑሬ ነው፤ የመጣው ግን በሰባተኛው ቀን፣ ፍራሹ ሊነሳ ሲል ነበር። ኑሬ ከኢስሊ ሞያሌ እየተመላለሰ ጨርቅ የሚነግድ፣ ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩ ከቁመቱ የሚያጥር ሰው ነው። ሱቁን ዘግቶ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። «አላህ ሰብሩን ይስጥህ» ብሎ ከተወልደ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ዑቅባማርያም ወንበር ቢሰጡትም እንቢ አለ።

«ድንበሩን የተሻገርክ ዕለት ምን ሰማህ?» ብሎ ጠየቀው።

ተወልደ ይህን አይረሳም። አዲስ አበባ ውስጥ ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳው በርትቶ፣ እኩዮቹ አንድ በአንድ ከየመንደሩ ሲጠፉ ጽጌ አንድ መላ መታች። ኪነት ቡድኑ ወታደሮችን ሊያዝናና ወደ ሞያሌ ሲወርድ ወንድሟን የማይክራፎን ገመድ ጠቅላይ አድርጋ ይዛው ሄደች። ማታ ሜዳው ላይ ዝግጅቱ ሲጀመር ኑሬ መጥቶ በደረቁ ወንዝ በኩል ወሰደው። ዘበኛውም ወታደሩም ወደ ሙዚቃው ተሰብስቧል። ተወልደ እየተራመደ የእህቱን ድምፅ ከኋላው ይሰማው ነበር፤ የሙሽራ መሸኛውን ነበር የምትዘፍነው፣ ሰዉ ሲያጨበጭብ፣ እሷ እልል ስትል። ኬንያ ከገባ በኋላም ድምፁ ወዲያው አልጠፋም። ያን ጊዜ ትንሽ ከፍቶት ነበር። እኔ ስሄድ እንዲህ ደስ ይላታል እንዴ ብሎ። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለኑሬም አሁን የነገረው መዝፈኗን ብቻ ነው።

«ያን ዘፈን ሦስቴ ነው የደጋገመችው» አለ ኑሬ። «እንድትሻገር ጊዜ እንዲበቃን። ወታደሮቹ ወደውት ድገሚ ያሉ መሰላቸው እንጂ ያስደገመቻቸው እሷ ናት፤ እየሳቀች፣ እየጨፈረች። አንተን መኪና ላይ አውጥቼህ ተመልሼ ስሄድ ከመድረኩ ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ድምጿ ጠፍቷል። በእጇ ነው የጠየቀችኝ፣ እንዲህ አድርጋ፣ ተሻገረ? እንደማለት። አዎ አልኳት። ከዚያ አለቀሰች።» ከለመደው በላይ ተናግሮ እንደደከመው ሰው ትንፋሹን ሰበሰበ። «እሷ እያወቀች ጨፈረች፤ አንተ ሳታውቅ ጨፈርክ። የትኛችሁ ነው ሊያፍር የሚገባው?»

ዘመናይ ሻይ መቅዳቱን ትታ ፔርሙሱን እንዳቀፈች ቆመች። ተወልደ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ያለቀሰው እንደ ሰሞኑ ጮሆ አይደለም፤ ድምፅም የለውም። ለብዙ ጊዜ ሳይቀና የኖረ አንድ ነገር እንደቀናለት ሰው ቀስ ብሎ አለቀሰ፤ እህቱ ደስ ብሏት እንዳልነበረ አሁን ነው የገባው። ማንም አይዞህ አላለውም፤ ተዉት፣ ጨረሰ።

ከጋቢው ሲወጣ ኑሬ ከደረት ኪሱ ትንሽ ነገር አውጥቶ ዘረጋለት። ከነጠላ ጫፍ የተቀደደ፣ ጥለቱ ሰማያዊ የሆነ ቁራጭ ጨርቅ ነው፤ ተቋጥሯል። ጽጌ ከመሞቷ በፊት፣ ስትታመም፣ ለሞያሌ ሾፌር ሰጥታው፣ ሾፌሩ ለኑሬ አድርሶት ነበር። ኑሬ ከረቡዕ ጀምሮ ደረቱ ላይ ይዞት ከርሟል። ቅዳሜ ማታ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳያጨበጭብ ሲያዳምጥም ኪሱ ውስጥ ነበር። መርዶ ያልሰማ ሰው እጅ ላይ የሟች ዕቃ አይገባም ብሎ ነው ያቆየው።

ተወልደ ተቀብሎ አገላበጠው። ቋጠሮው ሁለቴ የታሰረ ነው፣ ጠበቅ ተደርጎ፣ በእሷ እጅ። መፍታቱ አሳሳው። ጋሽ ዑቅባማርያም «አስቀምጠው ልጄ፣ ግድ የለም» አሉት። ለጥቂት ጊዜ የሚያስቀምጠው መስሎ ነበር። ከዚያ ወደ አፉ አስጠግቶ በጥርሱ ፈታው።

ከረሜላዎች ነበሩ፤ በሞያሌ ሙቀት ቀልጠው ከወረቀታቸው ተጣብቀዋል። ተወልደ ተነሳ። ለጋሽ ዑቅባማርያም ሰጠ፣ ለኑሬ ሰጠ፣ ለዘመናይና ቅዳሜ አብረዋት ለነበሩት ሴቶች ሰጠ። ለዘገዬ ሰጠው፣ እሱም ወዲያው ቆረጠመው። መኳንንት ጋ ሲደርስ አንዱን መዳፉ ላይ አኑሮ፣ ሌላውን ወረቀቱን ልጦ ራሱ ጉንጩ ውስጥ ከተተ።

«ጉሮሮዬ ደርቋል» አለው።

መኳንንት ከረሜላውን በጣቱ መሀል እያሻሸ ራሱን ነቀነቀ። ተወልደ የተረፉትን ወደ ጨርቁ መልሶ፣ ጫፉን በጥርሱ ይዞ፣ እሷ ታደርግ እንደነበረው ሁለቴ ቋጠረው።